ከሜሪላንድ ወደ ፌርባንክስ፣ አላስካ ለማስተማር ከነቤተሰብ መሄድ፦ የትኛው ወረቀት ይቅደም?

የሒሳብ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ፌርባንክስ፣ አላስካ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። የቅጥር ውሉ በዚህ ሳምንት ይደርሰኛል፤ ሥራው ኦገስት ላይ ይጀምራል።

የምንሄደው ሁላችንም ነን። ባለቤቴ ነርስ ነው፤ ግሪን ካርድ አለው፣ ዜግነት ገና አልጠየቀም። እኔ ባለፈው ዓመት ቃለ መሐላ ፈጽሜያለሁ። ታላቋ ልጃችን አዲስ አበባ ተወልዳ ከእኛ ጋር በግሪን ካርድ የመጣች ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ታናሹ እዚሁ ተወለደ። አንደኛ ክፍል ነው፤ በትምህርት ቤቱ የንግግር ሕክምና ያገኛል። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያገኘሁት ከኢትዮጵያ፣ ሁለተኛውን ከዚህ ነው። መኪናችንን ይዘን በካናዳ በኩል ለመንዳት አስበናል።

የማስተማር ፈቃዱ፣ የባለቤቴ የሥራ ፈቃድ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ጡረታው፣ የጤና መድኑ ሁሉም እኩል የሚያስቸኩሉ መስለው ታዩኝ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ የትኛው ይቅደም ትላላችሁ? ሳናስበው መንገድ ላይ የሚያስቀረን ወረቀትስ የትኛው ነው?

ኑሮ በሰሜን፦

እንኳን ደስ አለዎት መምህርት። እኔም ከቨርጂኒያ ወደ አላስካ የመጣሁት ለማስተማር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳዲስ መምህራን ሰነዳቸውን ሲያሟሉ አግዣለሁ፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፍልዎት።

ወረቀቶቹን በማን እጅ እንዳሉ ይለዩዋቸው። እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ያለው የትም አይሄድም። ሰውን የሚያስረፍደው ሌላ ሰው ከማህደር ፈልጎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ የሚልከው ነው። የእነዚያ ጥያቄ ዛሬ ይውጣ። የራስዎን መሳቢያ ማስተካከል ለቅዳሜ ይቆይ።

የማስተማር ፈቃዱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በግዛቶች መካከል የመምህራን ስምምነት አለ ሲባል የሜሪላንዱ ፈቃድ እንዳለ ይሠራል ማለት አይደለም። ስምምነቱ የሚያስገኝልዎ ትምህርትዎና ሥልጠናዎ እንዲታወቅልዎ ነው። ማመልከቻው ግን ከጁኖ፣ ከአላስካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ዘንድ እንደ አዲስ ይቀርባል። ጸንቶ ያለው የሜሪላንድ ፈቃድዎ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የሚላክ ትራንስክሪፕት፣ የአሻራ ካርድ፣ እንዲሁም ግዛቱ ለመምህር ሁሉ ግዴታ ያደረጋቸው አራት አጫጭር ሥልጠናዎች ይኖሩበታል። ሥልጠናዎቹ ስለ ወሲባዊ ጥቃት መከላከል፣ በወጣቶች የፍቅር ግንኙነት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት፣ ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል፣ በአልኮልና በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት በልጆች ላይ ስለሚመጣ ጉዳት ናቸው። በኢንተርኔት ስለሚሰጡ ማታ ማታ ይጨርሷቸዋል። አደራዎን እንደ ማሟያ ብቻ አይዩዋቸው፤ ክፍልዎ ውስጥ ይጠቅሙዎታል።

አሻራው በኤፍዲ-258 ካርድ ላይ በቀለም ይነሳል። ካርዱን ማጠፍ አይገባም። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አድርገው በሰፊ ፖስታ ይላኩት። ጣት ሲደርቅ መስመሩ ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል፤ ካርዱም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ጀምረው እጅዎን ቅባት ይቀቡ፤ በዕለቱ ግን ሳይቀቡ ይሂዱ። ሁለት ካርድ አስነስተው አንዱን ለመጠባበቂያ ያስቀምጡ።

የአላስካ ጥናትና የመድብለ ባህል ትምህርት የሚባሉ ሁለት ኮርሶችም አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት ናቸው። ለመጀመሪያው ፈቃድ አያግዱዎትም፤ ወደ ሙሉ ፈቃድ ሲያድጉ ግን ይጠየቃሉ። በርቀት ስለሚሰጡ በመጀመሪያው ዓመት ቢጀምሯቸው መልካም ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያው ዲግሪ ልምጣ። አዲስ አበባ ከመደወልዎ በፊት ለሜሪላንድ ፈቃድ ዲግሪዎን ያስገመገሙበትን ድርጅት ይጠይቁ። ሰነዱ በእነሱ ማህደር ካለ ሪፖርቱን በክፍያ ለአዲስ ተቀባይ ይልካሉ፤ ብዙ ድካም ይቀርልዎታል። ከዩኒቨርሲቲው እንደገና ማስወጣት ግድ ከሆነ በስምዎ ሬጅስትራር ዘንድ የሚቀርብ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ውክልናውን ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ያሠሩታል። አገር ቤት ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦት ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎትም ክፍያው ሳይጠናቀቅ ዋናው ማስረጃ እንደማይለቀቅ ያስታውሱ።

ለስልክ ጥሪ አላስካ ከእናንተ በአራት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ጠዋት ስትደውሉ እዚያ ገና ቢሮ አልተከፈተም። ከቀትር በኋላ ደውሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት። እዚህ የተፈረመ ውል ማፍረስ በማስተማር ፈቃድ ላይ እርምጃ ያስወስዳል፤ ጉዳዩን የሚያይ የመምህራን ሥነ ምግባር ኮሚሽን አለ። ሜሪላንድ ላይም መልቀቂያ ማስገቢያ ቀነ ገደብ አለብዎት። ሁለቱን ቀኖች አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ይመልከቱና ከዚያ ይፈርሙ።

የሰነድ ሥራ፦

መንገድ ላይ የሚያስቀረው የትኛው ነው ላሉት እኔ ልመልስ። የስደተኞች ጉዳይ የሚከታተል ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በየጊዜው ይገጥመናል። የባለቤትዎ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጊዜው አላለፈበትም?

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከኤፕሪል 26 ቀን 2022 ጀምሮ ከግሪን ካርዱ ጋር የዜግነት አገሩን የጸና ፓስፖርት ማሳየት አለበት፤ በአየርም በየብስም። ብዙ ሰው ፓስፖርቱ ካለፈበት ቆይቶ ሳያስበው ይኖራል፤ እዚህ አገር ውስጥ የሚጠይቀው የለምና። ችግሩ የሚታወቀው ድንበር ላይ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ ሲደርስ ነው።

ስለ ልጅዎ ደግሞ መልካም ዜና አለኝ። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ካላት፣ ከእርስዎ ጋርና በእርስዎ አሳዳጊነት የምትኖር ከሆነ፣ እርስዎ ቃለ መሐላ የፈጸሙ ዕለት እሷም በሕጉ አሜሪካዊት ሆናለች። ሕጉ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ማመልከቻ የለውም፤ ግን የሚያሳይ ወረቀትም በራሱ አይመጣላትም። ስለዚህ ፓስፖርት ያውጡላት። የልደት ሰርተፊኬቷን፣ የእርስዎን የዜግነት ሰርተፊኬትና ግሪን ካርዷን ይዛችሁ ሁለታችሁም ወላጆች አብራችሁ ቅረቡ፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሁለቱም ፈቃድ ይፈለጋል። ዋና ሰነዶቹ ከማመልከቻው ጋር ስለሚሄዱ አስቀድመው ቅጂ ያስቀሩ። የልጁን ፓስፖርትም በዚያው ቀን ያስጀምሩ።

ባለቤትዎ ከተዛወራችሁ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ያሳውቁ። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፤ በኢንተርኔት ይሞላል። እርስዎ ዜጋ ስለሆኑ አይመለከትዎትም። ዜግነት ለመጠየቅ አምስት ዓመቱ ሞልቶለት ከሆነ ደግሞ ወይ ከመሄዳችሁ በፊት ያመልክት፣ ወይ አላስካ ከገባ በኋላ ሦስት ወር ይቆይ። ማመልከቻው በሚገባበት ቦታ ሦስት ወር መኖር ግድ ነውና።

የሒሳብ መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁም እንዲህ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም። የባለቤቴን ፓስፖርት አሁን አወጣሁት። ጊዜው አልፎበታል። አምስት ዓመቱ ግን ሞልቷል፤ ስለዚህ ስለ ዜግነቱ እንነጋገራለን።

ስለ ልጄ የነገራችሁኝን ጮክ ብዬ ሳነብላት ደጋግማ አስነበበችኝ።

እንግዲህ የካናዳው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው? ፓስፖርቱን አሁን ለማሳደስ ብንጀምር ለጁላይ ይደርሳል?

መንገደኛ፦

በካናዳ ሳያልፉ የሚሄዱበት አለ። ከዋሽንግተን ግዛት፣ ከቤሊንግሃም የሚነሳው የአላስካ የመኪና ጀልባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አላስካ ይወስዳችኋል። መኪናውን ጭናችሁ፣ ልጆቹ ባሕሩንና ተራራውን እያዩ። እኔ ብሆን ይህንን አልተወውም ነበር።

ኑሮ በሰሜን፦

ወንድሜ መንገደኛ፣ ጀልባው እጅግ ያማረ ጉዞ ነው፤ ለፌርባንክስ ግን መፍትሔ አይሆንም። ሄንስ ወይም ስካግዌይ ላይ ከወረዱ በኋላ ወደ ፌርባንክስ የሚወስደው የመኪና መንገድ ተመልሶ ካናዳ ውስጥ ይገባል። ያንኑ ድንበር፣ ያንኑ ፓስፖርት።

መምህርት፣ ከኤምባሲ የሚጠበቅ ሰነድን ተማምነው የጉዞ ቀን አይቁረጡ። ለማሳደሱ ዛሬውኑ ያመልክቱ፤ ዕቅዱን ግን ሳይደርስ እንደሚቀር አድርገው ያውጡ። መኪናውን ከታኮማ ወደብ ወደ አንኮሬጅ በመርከብ ይላኩት፤ እናንተ በአውሮፕላን ሂዱ። ከአንኮሬጅ እስከ ፌርባንክስ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ስለሚያልፍ ልጆቹ ምንም አይቀርባቸውም። ወይም እርስዎና ልጆቹ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ንዱ፤ እሱ በአውሮፕላን ይምጣ። ሁለተኛውን ከመረጡ ግን እሱ የፈረመውና በሕዝብ ኖታሪ ፊት የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ፤ አንድ ወላጅ ብቻውን ልጆች ይዞ ሲሻገር የካናዳ ድንበር ጠባቂዎች ይጠይቃሉ። እኔ በበኩሌ የአላስካን አውራ ጎዳና፣ ከዶውሰን ክሪክ እስከ ዴልታ ጃንክሽን ያለውን ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አንድ ሹፌር ብቻውን ከሁለት ልጅ ጋር እንዲነዳው አልመክርም።

የሁለት ልጆች እናት፦

እህቴ፣ ስለ ልጆቹ እኔ ልጻፍልሽ፤ እኔም ከግዛት ግዛት ሳዛውራቸው ነው ያደግሁት ማለት እችላለሁ።

ከታላቋ ልጀምር። የክትባት ካርዷ ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ ቀኖቹን ዛሬ እያንዳንዳቸው ተመልከቻቸው። ልጅሽ የተወለደችው ሚያዝያ 12 ቀን 2005 ዓመተ ምሕረት ነው እንበል። በፈረንጁ ኤፕሪል 20 ቀን 2013 መሆኑ ነው። ካርዱ ላይ ግን 12/8/2005 ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤቷ ነርስ ይህንን ዲሴምበር 8 ቀን 2005 ብላ ታነበዋለች፤ ልጅቷም በሰባት ዓመት ትበልጣለች። በሌላ ሰነድ ላይ ደግሞ 2013 ያያሉ፤ ያን ጊዜ ክትባቱ ከመወለዷ በፊት የተሰጠ ይመስላል፤ ካርዱንም አይቀበሉትም። እንደገና ይከተቡ የተባሉ ልጆች አውቃለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሕፃናት ሐኪሟ ቀኖቹን አስልቶ በሜሪላንድ የክትባት መዝገብ ውስጥ ያስገባቸውና ከዚያ የታተመውን ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ በኋላ የአዲስ አበባውን ካርድ ለማንም ማሳየት አያስፈልግሽም፤ አስቀምጪው እንጂ።

አላስካ ለትምህርት ቤት የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። በሁለቱ መካከል ቢያንስ ስድስት ወር ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጆቹ የመጀመሪያውን ካልወሰዱ ነገ ውሰጃቸው፤ ይህ በገንዘብም በልመናም አይፋጠንም።

የታናሹ የንግግር ሕክምና በጽሑፍ የሰፈረ የግል የትምህርት ዕቅድ ካለው የፌዴራል ሕግ ይጠብቀዋል። አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን ግምገማ እስኪያደርግ ድረስ ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። ግን አገልግሎቱ የሚጀምረው ዕቅዱን ሲያዩት ነው። በፖስታ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ዕቅዱን፣ የመጨረሻውን ግምገማና የንግግር ባለሙያዋን የሂደት ማስታወሻ አሁን በእጅሽ ውሰጂ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ በኋላ ማህደሩን የሚከፍትልሽ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሚቻል ከሆነ ባለሙያዋ የምትሠራበትን ድምፅና ልጁ የደረሰበትን ደረጃ በአንድ ገጽ እንድትጽፍልሽ ለምኚያት። አዲሷ ባለሙያ ሴፕቴምበር ላይ ከዜሮ እንዳትጀምር ከዚያች ገጽ የበለጠ የሚረዳት የለም።

የሰነድ ሥራ፦

የእናታችን ምክር ወርቅ ነው። ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምርበት። በእኛ ልማድ መምህርት የአባታቸውን ስም ይዘዋል፣ ባለቤታቸው የአባታቸውን፣ ልጆቹ ደግሞ እንደ አመዘጋገባቸው ወይ የአባታቸውን ወይ የአያታቸውን። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የቤተሰብ ስም ይኖራል። እዚህ አገር ያለ ጸሐፊ ከፊቱ አራት ሰነድ ተደርድሮ ሲያይ እነዚህ ሰዎች ምናቸው ናቸው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሚያስተሳስራቸው የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት ብቻ ነው። በአዲሱ ሥራ የጤና መድን ውስጥ ባልና ልጆች ሲመዘገቡም የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው።

አጻጻፉንም ያስተያዩ። ዲግሪው ላይ፣ የዜግነት ሰርተፊኬቱ ላይ፣ የማስተማር ፈቃዱ ላይ ስምዎ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ነው? አንዱ ላይ አንድ ፊደል ተደግሞ፣ ሌላው ላይ ተነጥሎ፣ አንዱ ላይ የአያት ስም ተጨምሮ ይሆናል። ማመልከቻው ላይ ቀድሞ የተጠቀሙበት ስም የሚል ቦታ ሲያገኙ ሁሉንም አጻጻፍ ይሙሉ። ባዶ ትተው ትራንስክሪፕቱ በሌላ አጻጻፍ ሲመጣ ማህደሩ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል፤ የሚደውልልዎትም የለም።

ነርስ ነኝ፦

የባለቤትዎን የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ማንም አላነሳውም። ሜሪላንድ በነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ናት፤ አላስካ ግን የለችበትም። ስለዚህ የሜሪላንዱ የብዙ ግዛት ፈቃድ አላስካ ሲደርስ አይሠራም፤ ለአላስካ ነርሲንግ ቦርድ ማመልከት አለባቸው። እሳቸውም የራሳቸው አሻራ፣ የራሳቸው የፈቃድ ማረጋገጫ ይኖራቸዋል። አብራችሁ አሻራ ለመነሳት ሂዱ፤ የመምህሩና የነርሱ ማህደር ግን ለየብቻ ይሁን። እርስዎ በኦገስት ደመወዝ ሲጀምሩ እሳቸው ፈቃድ እየጠበቁ ቤት እንዳይቀመጡ ከአሁኑ ይጀምሩ።

አሮጌ ደብተር፦

ሁላችሁም መሄጃውን ስትነግሯት መሄድ አለባት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ በጡረታ ዙሪያ ስላለው ነገር በጣም እሰጋለሁ።

በአላስካ መምህራን በማስተማር ሥራቸው ሶሻል ሴኩሪቲ በሚባለው የፌዴራል ጡረታ ውስጥ የሉም። ዘግይቶ ለመጣ እንደኛ ላለ ሰው ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም። ልጄ፣ ስምንት ዓመት ብቻ ሠርተሽ ከሆነ 32 ነጥብ ላይ ቆመሻል። ከዚያ አላስካ ገብተሽ ሃያ ዓመት ብታስተምሪ አንድም አይጨመርልሽም።

የሜሪላንዱም እንደዚሁ ነው። ከጁላይ 2011 ወዲህ የተቀጠረ መምህር የጡረታ መብቱ የሚረጋገጥለት አሥር ዓመት ሲሞላው ነው። ሁለት ዓመት ሲቀርሽ ትሄጃለሽ? ሁለቱንም በጨረሽ ጊዜ ብትሄጂ አይሻልም?

ኑሮ በሰሜን፦

አባቴ፣ ያነሱት ነገር ትክክል ነው፤ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባም ይህ ነው። ግን መልስ አለው።

መምህርት፣ ዛሬ ማታ ሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ገብተው የነጥብ መግለጫዎን ያውርዱ። ከማስተማርዎ በፊት በሌላ ሥራ የሠሩበት ጊዜ ካለ እሱም ተቆጥሯል። የጎደለ ካለ በሌላ ሥራ መሙላት ይቻላል። በ2025 አንድ ነጥብ የሚሰጠው ለ1,810 ዶላር ገቢ ነበር፤ የዓመቱን አራት ነጥብ 7,240 ዶላር ይሞላል። በክረምት ዕረፍት ወይም ከሥራ ሰዓት ውጪ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚቆረጥበት ሥራ ሠርተው ስምንት ነጥብ በሁለት ዓመት ያገኙታል። የመምህር ጡረታ ያለውን ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ይቀንስ የነበረው ሕግም በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ተሽሯል። ለሜዲኬር፣ ማለትም ለአረጋውያን የፌዴራል የጤና መድን፣ ደግሞ አላስካም እያለን ከደመወዛችን ይቆረጣል፤ የእሱ ቆጠራ አይቋረጥም።

ከ2006 አጋማሽ ወዲህ አላስካ የተቀጠረ መምህር በወር የሚከፈል ቋሚ ጡረታ የለውም፤ የራሱ የተቀማጭ ሒሳብ አለው። እርስዎ 8 በመቶ ያስገባሉ፣ አሠሪው 7 በመቶ። የእርስዎ ከመጀመሪያው ቀን የእርስዎ ነው። የአሠሪው ግን ሁለት ዓመት ሲሞላዎ ሩቡ፣ አምስት ሲሞላዎ ሙሉው ይሆናል። ከአምስት ዓመት በፊት የመመለስ ሐሳብ ካለዎት ይህንን ከውሉ ጋር አያይዘው ያንብቡ።

የሜሪላንዱን መዋጮ በቼክ እጅዎ ላይ እንዳይቀበሉ። 20 በመቶው ወዲያው ለግብር ይያዛል። ለማውጣት ከወሰኑ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ በቀጥታ እንዲዛወር ይጠይቁ።

አሮጌ ደብተር፦

ነጥቡን በሌላ ሥራ መሙላት ይቻላል ያልከው እውነት ነው። ሁለት ልጅ ያላት መምህርት ግን ክረምቷን ማረፍ እንጂ ሁለተኛ ሥራ መሥራት አልነበረባትም። ውሳኔው የራሷ ነው። ቁጥሩን አይታ ትወስን፤ እኔ የምለው ይኸው ነው።

የሒሳብ መምህርት፦

አባቴ፣ ስለ እኔ ስለተቆረቆሩ አመሰግናለሁ። መግለጫዬን አወረድኩት። ከማስተማሬ በፊት የሠራሁት ተቆጥሮልኝ 38 ነጥብ አለኝ። ሁለት ነጥብ ነው የሚቀረኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በዚህ ዓመት እስከ ጁን የማስተምረው ገና አልገባም፤ ሲገባ አርባውን ይሞላል። የሜሪላንዱ አሥር ዓመት ግን እውነት ነው፣ ይቀርብኛል። እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን ተነጋግረንበት መዋጮውን በቀጥታ እንድናዛውር ተስማማን። የምሄደው ለደመወዙ ብቻ አይደለም። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ያጣ ትምህርት ቤት መሆኑን ርእሰ መምህሯ በግልጽ ነግራኛለች፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እስካሁን የተደረገው ይህ ነው። የዲግሪ ግምገማዬ ማህደሩ አለ፤ ወደ ጁኖ እንዲላክ ከፍያለሁ። ሁለታችንም አሻራ ተነስተናል። የልጆቹ የፓስፖርት ቀጠሮ ተይዟል። ሁለቱም የመጀመሪያውን ሄፓታይተስ ኤ ዛሬ ተወጉ። የልጄ ካርድ ላይ ያለው ቀን ልክ እናታችን እንዳለችው ተጽፎ አገኘሁት፤ ሐኪሟ ሰኞ ያስተካክለዋል። መኪናው በመርከብ ይሄዳል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ትምህርት ቤቱ ለዕቃ ማጓጓዣ ገንዘብ ይሰጠኛል፤ ደረሰኝ መያዝ አለብኝ? ሁለተኛ፣ የድሮው መድኔ ጁን መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ አዲሱ ኦገስት ነው። በመካከል ምን እናድርግ?

ነርስ ነኝ፦

መድኑን በሚመለከት ሁለት መንገድ አላችሁ። የድሮውን በራሳችሁ ክፍያ ለማስቀጠል፣ ኮብራ በሚባለው ሕግ፣ ለመወሰን 60 ቀን ይሰጣችኋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከወሰናችሁ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሄዶ ከተቋረጠበት ቀን ይጀምራል፤ የዚያን ጊዜ ክፍያ ግን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ቅጹ ሲመጣ አትጣሉት፤ ማንም ካልታመመ ሳትከፍሉ ልታልፉት ትችላላችሁ፣ ከታመመ ደግሞ ትፈርሙታላችሁ። ሌላው፣ የሥራ መድን ማጣት በመንግሥት የመድን ገበያ ልዩ የምዝገባ ጊዜ ይሰጣል፤ እሱም 60 ቀን ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የሁላችሁንም መድኃኒት አስሞሉ፤ የልጁንም የንግግር ሕክምና የሐኪም ማዘዣ ቅጂ ያዙ።

ኑሮ በሰሜን፦

ደረሰኙን ይያዙ፤ ትምህርት ቤቱ ይጠይቅዎታል። ከግብር ይቀነስልኛል ብለው ግን አይቁጠሩ። ከ2018 ጀምሮ ከወታደሮችና ከመሳሰሉት ጥቂት ሰዎች በስተቀር የማዛወሪያ ወጪ ከፌዴራል ግብር አይቀነስም፤ አሠሪ የሚሰጠውም እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። ሦስት ሺህ ቢሰጡዎት ሦስት ሺህ እጅዎ አይገባም ማለት ነው። አላስካ የግዛት የገቢ ግብር የላትም፤ ለሜሪላንድ ግን እዚያ የኖሩበትን የዓመቱን ክፍል ግብር ያሳውቃሉ።

አላስካ ለነዋሪዎቿ በየዓመቱ የምትከፍለውን የቋሚ ፈንድ ክፍፍል ብዙ አዲስ ሰው ቶሎ ይጠብቀዋል። በ2024 1,702 ዶላር፣ በ2025 1,000 ዶላር ነበር፤ ልጆችም ይከፈላቸዋል። ብቁ ለመሆን ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር አንድ ሙሉ ዓመት አላስካ መኖር ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው በቀጣዩ ዓመት ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው። በጁላይ የገባችሁበት ዓመት አይቆጠርም። ግሪን ካርድ ያለው ባለቤትዎም ማመልከት ይችላል። እንደገባችሁ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የመኪናውን የመርከብ ደረሰኝ አንድ ላይ አስቀምጡ፤ መቼ እንደገባችሁ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚቀርበው እሱ ነው።

የፌርባንክሱን ቤት አድራሻ ሲያገኙ በመጀመሪያ ለጁኖ ያሳውቁ። ፈቃዱ በድሮው አድራሻ ወደ ሜሪላንድ እንዳይላክ።